«የለም» እና «አላገኘሁም»፦ የማክሲማና የሲምፓይ የድምር መሣሪያዎች ሲፈተኑ

ይህ ግምገማ ማክሲማና ሲምፓይ ስለሚባሉ ሁለት ነጻና ክፍት ምንጭ የሂሳብ ሶፍትዌሮች ነው፤ የሚመለከተውም ሁለመናቸውን ሳይሆን አንድ ሥራቸውን ብቻ፣ ማለትም ድምርን በቁጥር ሳይሆን በፊደል መደመርን ነው። ከ1 እስከ 100 ያሉትን ቁጥሮች መደመር ለማንኛውም ካልኩሌተር ቀላል ነው። ከ1 እስከ «ነ» ያሉትን ደምሮ «ነ(ነ + 1)/2» ብሎ መመለስ ግን ሌላ ዓይነት ሥራ ነው፤ «ነ» ገና ያልታወቀ ቁጥር ስለሆነ ማሽኑ አንድ በአንድ እየቆጠረ አይደርስበትም፣ ቀመሩን ራሱን ማግኘት አለበት። ደብረ ማርቆስ ላይ ዲስክሪት ሂሳብ አስተምራለሁ፤ ሁለቱንም መሣሪያዎች ለሁለት ሴሚስተር ያህል በክፍል ውስጥና በራሴ ጠረጴዛ ላይ ስፈትናቸው ቆይቻለሁ። ከዚህ በታች ባሉት ቀመሮች «ሀ» እያንዳንዱን የድምር አባል የሚቆጥረው ፊደል ነው፣ «ነ» ደግሞ የድምሩ የላይኛው ወሰን ነው።

የምንሠራበት ሁኔታ በፍርዴ ላይ ክብደት ስላለው አስቀድሜ ልናገር። ከተማሪዎቼ ላፕቶፕ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ያሉትም አብዛኛውን ጊዜ 4 ጊጋባይት ራም ያላቸው፣ ባትሪያቸው የደከመ፣ መብራት ሲጠፋ ከአንድ ሰዓት በላይ የማይቆዩ ናቸው። ኔትወርኩ አንድ ቀን ይሠራል፣ ሌላ ቀን አይሠራም። ስለዚህ ለእኛ ጥሩ ሶፍትዌር ማለት በፍላሽ ተገልብጦ የሚዞር፣ አንዴ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት የማይጠይቅ ነው። በዚህ ረገድ ሁለቱም አላሳፈሩኝም። ማክሲማን ዊንዶውስ ላይ ለመጫን አንድ ፋይል ይበቃል፤ ደብሊው ኤክስ ማክሲማ የሚባለው መስኮቱም አብሮ ይመጣል። ሲምፓይ ፓይተን ላለው ሰው 6 ሜጋባይት አካባቢ የሆነ ጥቅል ነው፤ ከእሱ ጋር የሚያስፈልገው ኤምፒማዝ የተባለው ትንሽ ጥቅል ብቻ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ፍላሽ ይዤ ሙሉ ክፍል አስጭኛለሁ።

በቀላሉ ጥያቄ ልጀምር። የተፈጥሮ ቁጥሮች ድምር፣ የካሬዎቻቸው ድምር፣ የኩቦቻቸው ድምር ሲጠየቁ ሁለቱም በቅጽበት ትክክለኛውን ቀመር ይሰጣሉ። ማክሲማ ግን አንድ ልማድ አለው፤ «ሰም» የሚለውን ትእዛዝ ብቻ ከሰጡት የድምሩን ምልክት ሳይነካ መልሶ ያሳያል። እንዲደምር ከተፈለገ «ሲምፕሰም» የሚል ቃል መጨመር አለበት። ይህን የማያውቅ ተማሪ መሣሪያው ከ1 እስከ «ነ» መደመር አቃተው ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ በመጀመሪያው የላቦራቶሪ ሰዓት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተማሪዎቼ እጅ ያወጡት በዚሁ ነበር። ሲምፓይ «ሰሜሽን» በሚለው ትእዛዙ ወዲያው ይደምራል። ሁለቱም መልሱን በብዜት መልክ ሳይሆን ዘርዝረው ስለሚጽፉት እኛ በሰሌዳ ላይ የለመድነውን መልክ ለማየት «ፋክተር» ማለት ያስፈልጋል።

ሲምፓይ ላይ ያስደሰተኝ አንድ ነገር አለ። ፓይተን ተለዋዋጮች በግእዝ ፊደል እንዲጠሩ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ «ነ» እና «ሀ» ብዬ ምልክቶችን ፈጥሬ ድምሩን ስጠይቅ መልሱ በዚያው ፊደል ተጽፎ ይወጣል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የአንደኛ ዓመት ተማሪ በሰሌዳው ላይ ያየውን ፊደል በማያ ገጹ ላይ መልሶ ሲያገኘው በቀመሩና በመሣሪያው መካከል ያለው ርቀት ይጠብበታል።

ወደ ጂኦሜትሪክ ድምር ስንመጣ ልዩነታቸው ይታያል። ለተማሪዎቼ የሰጠሁት ጥያቄ የቁጠባ ጥያቄ ነበር፤ አንድ ሰው በየወሩ 500 ብር ያስቀምጣል፣ ገንዘቡ በየወሩ በአንድ ምጣኔ ይባዛል፤ ምጣኔውን «ረ» ብንለው ከ«ነ» ወር በኋላ ስንት ይሆናል? የሚፈለገው ከ0 እስከ «ነ» ያሉት የ«ረ» ተከታታይ ኃይሎች ድምር ነው፣ በኋላ በ500 የሚባዛ። ማክሲማ ሁላችንም የምናውቀውን ቀመር ይሰጣል፤ ላይኛው «ረ» በ(ነ + 1) ኃይል ሲቀነስ 1፣ ታችኛው ረ − 1። ሲምፓይ ግን መልሱን ለሁለት ከፍሎ ይጽፋል፦ «ረ» ከ1 ጋር እኩል ከሆነ መልሱ ነ + 1 ነው፣ አለዚያ የታወቀው ቀመር ነው። ወለድ የማይቀበሉ ቤተሰቦች ያሉባቸው ተማሪዎች ነበሩኝ፤ ወለዱ ዜሮ ሲሆን «ረ» 1 ይሆናል፣ የማክሲማም ቀመር በዜሮ ወደ መከፋፈል ይወርዳል። 12 ጊዜ ሲቀመጥ የሚጠራቀመው 6000 ብር መሆኑን ያለ ምንም መሣሪያ የሚያውቅ ሰው በማክሲማ ቀመር ምንም አያገኝም ማለት ነው። ማክሲማ የሰጠው መልስ ስሕተት አይደለም፣ ያልተሟላ ነው፤ በሂሳብ ግን ያልተነገረ ሁኔታ ሲውል ሲያድር ስሕተት ይወልዳል። በዚህ ጥያቄ ሲምፓይ በግልጽ ይበልጣል።

ድምሩ ማለቂያ የሌለው ሲሆን ደግሞ ማክሲማ የራሱ መልካም ጠባይ አለው። የ«ረ»ን ኃይሎች እስከ መጨረሻው ድረስ ደምር ሲባል ቆም ብሎ ተጠቃሚውን ይጠይቃል፦ የ«ረ» ፍጹም ዋጋ ከ1 ይበልጣል፣ ያንሳል ወይስ እኩል ነው? በክፍል ውስጥ ይህ ጥያቄ እንደ አንድ ጥሩ ረዳት መምህር ያገለግለኛል፤ ተማሪው ስለ መጠጋጋት (ድምሩ ወደ አንድ ቁጥር ስለ መቅረቡ) ሳያስብ ወደ መልሱ እንዲያልፍ አይፈቅድለትም። ሲምፓይ ያንኑ ሁኔታ በመልሱ ውስጥ በጽሑፍ ያኖረዋል። ለትምህርት የማክሲማን፣ በፕሮግራም ውስጥ ለሚሠራ ሰው የሲምፓይን መንገድ እመርጣለሁ፤ መልስ የሚሰጥ ሰው በሌለበት የሚጠይቅ ፕሮግራም ቆሞ ይቀራልና።

እስካሁን ያለው ሁሉ ግን የመግቢያ ፈተና ነው። የእንዲህ ዓይነት መሣሪያ እውነተኛ ጉልበት የሚታየው ቢል ጎስፐር የተባለው አሜሪካዊ በ1978 ባሳተመው አልጎሪዝም ላይ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው። የአንድ ድምር ሁለት ተከታታይ አባላት ሲካፈሉ ውጤቱ የፖሊኖሚያሎች ክፍልፋይ ከሆነ አባሉ ሃይፐርጂኦሜትሪክ ይባላል፤ ፋክቶሪያሎች፣ ኃይሎች፣ የመምረጫ ቁጥሮችና የእነዚህ ብዜቶች በአብዛኛው እንዲህ ናቸው። ጎስፐር ይህን ክፍልፋይ በሦስት ፖሊኖሚያሎች ከፍሎ የድምሩን ጥያቄ ወደ አንድ የፖሊኖሚያል እኩልዮሽ ያወርደዋል። የመልሱ ዲግሪ ከምን እንደማይበልጥ አስቀድሞ ስለሚታወቅ የቀረው ተራ የመስመራዊ እኩልዮሾች ሥራ ነው። እኩልዮሾቹ መልስ ካላቸው ቀመሩ ተገኘ፤ መልስ ከሌላቸው ደግሞ በዚያ ዓይነት የሚጻፍ ቀመር ጭራሽ እንደሌለ ተረጋገጠ። የአልጎሪዝሙ ክብር ያለው በዚህ በሁለተኛው ክፍል ነው፤ ሲያቅተው የሚያቅተው ስለደከመ አይደለም፣ የሚፈለገው ነገር ስለሌለ ነው።

ማክሲማ ከዚህ ታሪክ ጋር የሥጋ ዝምድና አለው። አባቱ ኤም.አይ.ቲ. በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተሠራው፣ «ማክ» በሚለው ፕሮጀክት ስም የተጠራው ሥርዓት ነው፤ የሁለቱ ስም በአማርኛ ሲጻፍ ሊምታታ ስለሚችል፣ የቀድሞውን እዚህ የኤም.አይ.ቲ. ሥርዓት ልበለው። ጎስፐር አልጎሪዝሙን ያገኘው በዚያ ሥርዓት ላይ እየሞከረ ነበር፤ ያለ እሱና ያለ ሠሪዎቹ ድጋፍ ወደ ግኝቱ ያደረሰውን ልምድ እንደማያከማች በጽሑፉ መስክሯል። የዚያን ሥርዓት አንድ ቅጂ ዊልያም ሼልተር ከ1982 ጀምሮ ሲንከባከበው ቆይቶ በ1998 በጂ.ፒ.ኤል ፈቃድ ነጻ አድርጎ ለማውጣት ተፈቀደለት፤ በ2001 እስካረፈበት ጊዜ ድረስም አልተወውም። ዛሬ በደብረ ማርቆስ ያለ ተማሪ ያለ ክፍያ የሚጠቀምበት ኮድ በዚህ ዓይነት የአንድ ሰው ትዕግሥት የተረፈ መሆኑን ለተማሪዎቼ ሳልነግር አላልፍም።

ወደ ፈተናው ልመለስ። «ሀ × ሀ!» የሚለውን አባል («ሀ!» ማለት ከ1 እስከ «ሀ» ያሉት ቁጥሮች ብዜት ነው) ከ1 እስከ «ነ» ደምር ሲባል ማክሲማ «ኑሰም» በሚለው ትእዛዝ (ነ + 1)! − 1 ብሎ ይመልሳል። ምክንያቱን በእጅም ማየት ይቻላል፤ ሀ × ሀ! ማለት (ሀ + 1)! − ሀ! ማለት ስለሆነ የመሐሉ ሁሉ እርስ በርሱ ተሰራርዞ ጫፍና ጫፉ ብቻ ይቀራል። ከፊቱ ያለውን ማባዣ አንስተን «ሀ!»ን ብቻ ደምር ብንለው ግን እንዲህ ያለ መሰራረዝ የለም፤ የጎስፐር አልጎሪዝምም ይህን ያረጋግጣል። ማክሲማ ውስጥ ዛይልበርገር የተባለውን ጥቅል ጭኖ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ የማያሻማ ነው፤ በዚህ መንገድ የሚደመር አይደለም የሚል ግልጽ ቃል ይወጣል።

ሲምፓይ በዚሁ ጥያቄ የድምሩን ምልክት እንዳለ መልሶ ያስቀምጣል። በመጀመሪያ ይህ አልከበደኝም ነበር። ክብደቱን ያሳየኝ አንድ ተማሪዬ ነው።

ይህ ተማሪ ዲማ ጊዮርጊስ አካባቢ ቅኔ ቤት ቆይቶ ወደ ዘመናዊ ትምህርት የመጣ ልጅ ነው፤ ባሕረ ሐሳብን በቃሉ ያሰላል። አንድ ቀን ከክፍል በኋላ ቀርቦ «መምህር፣ ይህ መሣሪያ መጠነ ራብዒትን መደመር ይችል ይሆን? እርስዎ ሞክረውታል?» ሲል ጠየቀኝ። መጠነ ራብዒት ማለት ዓመተ ዓለሙ (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የተቆጠረው ዓመት) ለ4 ተካፍሎ ቀሪው የተጣለበት ቁጥር ነው፤ ለምሳሌ የ2018 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 7518 ስለሆነ መጠነ ራብዒቱ 1879 ነው። ሁለቱ ተደምረው 9397 ይሆናሉ፣ ለ7 ሲካፈሉ 3 ይተርፋል፤ መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ የዋለው በዚህ ስሌት ነው። የልጁ ጥያቄ ከ1 እስከ «ነ» ያሉት ዓመታት መጠነ ራብዒት ተደምሮ በአንድ ቀመር ይጻፋል ወይ የሚል ነበር።

ሁለቱንም መሣሪያዎች ጠየቅኋቸው፤ ሁለቱም የድምሩን ምልክት እንዳለ መለሱልኝ። ልጁ ግን በወረቀት ሠራው። የዮሐንስ፣ የማቴዎስ፣ የማርቆስና የሉቃስ ዘመናት አራቱ በተከታታይ አንድ ዓይነት መጠነ ራብዒት እንዳላቸው ያውቃል፤ አራት አራቱን አንድ ላይ ቆልሎ፣ ያልሞላውን የመጨረሻ ክምር ለብቻው ቆጥሮ ቀመሩን አወጣ። የ«ነ»ን መጠነ ራብዒት «ቀ» ብንለው ድምሩ ቀ × (ነ − 1 − 2ቀ) ነው። ለ7518 ሲሰላ 1879 × 3759፣ ማለትም 7,063,161 ይሆናል። የላይኛውን ወሰን በቁጥር ሰጥተን ማክሲማን ስናስደምረው ያው ቁጥር ወጣ።

እንግዲህ ሁለቱን ጥያቄዎች ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው። የ«ሀ!» ድምር በተፈለገው ዓይነት ዝግ ቀመር (ያለ ድምር ምልክት የሚጻፍ ቀመር) የለውም፤ ይህም የተረጋገጠ ነው። የመጠነ ራብዒት ድምር ዝግ ቀመር አለው፤ መሣሪያው ግን ሊያገኘው አልቻለም። ሲምፓይ ለሁለቱም የሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ያልተነካ የድምር ምልክት። የመጀመሪያው «የለም» ማለት ነው፣ ሁለተኛው «አላገኘሁም» ማለት ነው። ለተመራማሪ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወራት የሚበላ ልዩነት ነው፤ «የለም» የተባለ ሰው ፍለጋውን ትቶ ወደ ግምት ወይም ወደ ሌላ መንገድ ይሄዳል፣ «አላገኘሁም» የተባለ ደግሞ ወረቀቱን ያነሣል። ልጁ የተባለውን ምልክት «የለም» ብሎ ተርጉሞት ቢሆን ኖሮ ቀመሩን አይሠራውም ነበር። እኔ ራሴ መሣሪያው ካልቻለ የለም ማለት ነው ብዬ ልነግረው ትንሽ ቀርቶኝ እንደነበር መናገር አለብኝ።

ክፍት ምንጭ መሆኑ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው፤ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ኮዱን ከፍቶ ማየት ይቻላል። ሲምፓይ ውስጥ የጎስፐር አልጎሪዝም የተጻፈበት ፋይል ከ300 መስመር አይበልጥም፤ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ በአንድ ሳምንት አንብቦ ሊጨርሰው ይችላል። ስናነበው ያገኘነው ነገር ጥርጣሬዬን አጸናልኝ። አባሉ ጭራሽ ሃይፐርጂኦሜትሪክ ካልሆነ፣ ማለትም ጥያቄው የአልጎሪዝሙ ካልሆነ፣ ፕሮግራሙ ባዶ ምላሽ ይሰጣል። አባሉ ሃይፐርጂኦሜትሪክ ሆኖ ቀመር እንደሌለው ሲረጋገጥም ያንኑ ባዶ ምላሽ ይሰጣል። ኮዱን የጻፉት ሰዎች ልዩነቱን ያውቁታል፤ ከመስመሮቹ ጎን በማስታወሻ ጽፈውታል። ማስታወሻው ግን ለአንባቢ እንጂ ለተጠቃሚ አይደርስም፤ ውጭ ያለው «ሰሜሽን» የሚቀበለው ባዶውን ብቻ ስለሆነ ማረጋገጫ የነበረው ነገር በመንገድ ላይ ተራ ዝምታ ይሆናል። ማክሲማ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው፤ ግን የተሻለ የሚሆነው ዛይልበርገር የተባለውን ጥቅል ለጫነ ሰው ብቻ ነው። በተለመደው የ«ሰም» ትእዛዝ ሁለቱ ጥያቄዎች እዚያም አይለዩም።

ከጎስፐር ቀጥሎ ያለው ደረጃ የመምረጫ ቁጥሮች ድምር ነው። ከ«ነ» ዕቃዎች «ሀ» ዕቃዎችን የመምረጫ መንገዶችን ም(ነ፣ ሀ) ብንል፣ ለሁሉም «ሀ» ሲደመሩ 2^ነ እንደሚሆኑ እያንዳንዱ ተማሪ ያውቃል። የጎስፐር መንገድ ይህን አይደርስበትም፤ ምክንያቱም ቀመሩ የሚገኘው ድምሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሄድ ብቻ እንጂ በመሐል ሲቆም አይደለም። የዚህን መንገድ መጀመሪያ በ1940ዎቹ የከፈቱት ሜሪ ሴሊን ፋዘንማየር የተባሉ መነኩሲት ናቸው፤ ለዶክትሬታቸው በሠሩት ሥራ እንዲህ ያሉ ድምሮች የሚታዘዙበትን ተመላላሽ ቀመር (አንዱን ድምር ከቀደሙት የሚያወጣ ቀመር) በስልት ማግኘት እንደሚቻል አሳዩ። በ1990 አካባቢ ዶሮን ዛይልበርገር የጎስፐርን አልጎሪዝም ውስጡ አስገብቶ ፈጣን አደረገው፤ ከኸርበርት ዊልፍ ጋር በሠሩት ሥራም ሁለቱ በ1998 የአሜሪካ የሂሳብ ማኅበርን የስቲል ሽልማት ተቀብለዋል።

ማክሲማ ይህን አልጎሪዝም ይዟል፤ ለዚህ ክፍል ከፍተኛውን ምስጋና የምሰጠው ለእሱ ነው። ም(ነ፣ ሀ)ን ሲጠየቅ የሚመልሰው መልሱን ብቻ ሳይሆን ማስረጃውንም ነው፤ ማስረጃው ሀ/(ነ − ሀ + 1) የሚል አንድ ትንሽ ክፍልፋይ ነው። ይህን ክፍልፋይ በም(ነ፣ ሀ) ስናባዛው ም(ነ፣ ሀ − 1) ይሆናል። ከዚያ 2 × ም(ነ፣ ሀ) − ም(ነ + 1፣ ሀ) ከም(ነ፣ ሀ) − ም(ነ፣ ሀ − 1) ጋር እኩል መሆኑን ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሁለቱ ወገኖች ለሁሉም «ሀ» ሲደመሩ ቀኙ ተሰራርዞ ዜሮ ይሆናል፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ድምር የአሁኑ እጥፍ ነው፣ መነሻውም 1 ስለሆነ መልሱ 2^ነ ነው። መሣሪያውን ማመን አላስፈለገንም፤ ማሽኑ ያገኘውን ሰው በእጁ ፈትኖ ተቀበለው። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ሲቀርብ ሰሙና ወርቁ ተፈትቶ እንዲታይ እንደሚጠበቅበት ሁሉ፣ ቀመርም ሲቀርብ መፍቻውን ይዞ ቢቀርብ ነው የምወደው። በተጠቀምኩበት የሲምፓይ እትም ውስጥ ይህ አልጎሪዝም ከማስረጃው ጋር ለተጠቃሚ የሚቀርብበት ትእዛዝ አላገኘሁም፤ ለእኔ የመሣሪያው ትልቁ ጉድለት ይህ ነው።

የማክሲማ ጥቅል ግን አጠቃቀሙ ለጀማሪ ከባድ ነው። በየጊዜው «ሎድ» ብሎ መጥራት ያስፈልጋል፤ ተማሪ ከረሳው ትእዛዙ ሳይፈጸም እንዳለ ተመልሶ ይታያል እንጂ ምን እንደጎደለ አይነገረውም። መልሱም በተደራረቡ ቅንፎች ውስጥ የሚመጣ ዝርዝር ስለሆነ የትኛው ማስረጃ፣ የትኛው የቀመሩ ማባዣ እንደሆነ መመሪያውን ሳያነቡ አይታወቅም። «ሲምፕሊፋይ ሰም» የሚባል ሌላ ጥቅልም አለ፤ ጎስፐርንም ዛይልበርገርንም በውስጥ ሞክሮ የተጠናቀቀ ቀመር ለማምጣት የሚጥር ነው፤ መልስ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ ቢጀምር ይሻለዋል።

ሴጅማዝን የሚጠይቁኝ ሰዎች ስላሉ ባጭሩ ልናገር። ትልቅና የተከበረ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ምልክታዊ ድምር ሲጠየቅ በነባሪነት የሚልከው ወደ ማክሲማ ነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ብቻ ብሎ በእኛ ኔትወርክ ብዙ ጊጋባይት የሚያወርድ ሰው በመጨረሻ የሚያገኘው በፍላሽ ሊቀበለው ይችል የነበረውን ነው። ማቴማቲካና ሜፕል የተባሉት የንግድ ሶፍትዌሮች በድምር በኩል ሰፊ ችሎታ አላቸው፤ ሆኖም በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልባቸው ከመሆናቸውም በላይ «ለምን ይህን መለሰ» ብሎ ውስጣቸውን ማየት አይቻልም፤ እኛ የሲምፓይን 300 መስመር እንዳነበብነው ማንበብ ካልተቻለ የመጠነ ራብዒት ጥያቄ የት ላይ እንደቆመ ማወቅ አይቻልም ነበር።

ስለዚህ የምመክረው እንዲህ ነው። ድምር ለሚያስተምር መምህር ማክሲማን ከዛይልበርገር ጥቅሉ ጋር ይጫን፤ ማስረጃውን እያሳየ ያስተምር። ድምርን በትልቅ ፕሮግራም ውስጥ የሚያስገባ፣ ወይም የተለያዩ ሁኔታዎች ተከፋፍለው እንዲጻፉለት የሚፈልግ ሰው ሲምፓይን ይያዝ፤ የድምር ምልክት ተመልሶ ሲመጣለት ግን «የለም» ብሎ እንዳይተረጉመው። በሲምፓይ ላይ ለመሥራት የሚፈልግ ወጣት ካለ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ቢሠራ የምለው ባዶውን ምላሽ ለሦስት መክፈል ነው፦ ጥያቄው የእኔ አይደለም፣ ቀመር እንደሌለ ተረጋግጧል፣ ፈልጌ አላገኘሁም። የዛይልበርገር አልጎሪዝም ብዙ ድካም ይጠይቃል፤ ይህኛው ግን የሚጠይቀው ጥቂት መስመሮችንና ጥንቃቄን ነው።

ልጁ አሁን ለ4 ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም አካፋይ የሚሠራ አጭር የፓይተን ፋንክሽን ጽፏል። እስካሁን ወደ ሲምፓይ ያልላክነው በአንድ ምክንያት ነው፤ «ነ» ከዜሮ በታች ሲሆን ድምሩ ምን ማለት እንደሆነ መወሰን ነበረበት። ሲምፓይ በዚህ የሚከተለው ማይክል ካር በ1981 ያቀረበውን ደንብ ነው፤ በዚህ ደንብ ከ1 እስከ −5 ያለው ድምር ማለት ከ−4 እስከ 0 ያለው ድምር ምልክቱ ተገልብጦ ማለት ነው። ባለፈው ቅዳሜ አብረን ተቀምጠን በእጅ ስናሰላው 4 ወጣ። በቀመሩ ደግሞ የ−5 መጠነ ራብዒት ወደ ታች ሲወርድ −2 ስለሆነ −2 × (−5 − 1 + 4)፣ ይህም 4 ነው። ከ−1 እስከ −12 ያሉትንም አንድ በአንድ ፈተሽናቸው፣ ሁሉም ተስማሙ። የቀሩት ከኮዱ ጋር አብረው የሚላኩት የፈተና መስመሮች ናቸው፤ እነሱን እየጻፈ ነው።